ቁልፍ የሚጠብቅ ሽቦ

ከሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ሲወጡ ጎሕ ገና እየቀደደ ነበር። ያለምወርቅ በሾፌሩ በጣሃ አሮጌ ፒክአፕ ጋቢና ተቀምጣ፣ ጭኗ ላይ ያለችውን ማቀዝቀዣ ሣጥን በሁለት ክንዷ አቅፋለች። ውስጧ ከትናንት በስቲያ ከቤቷ ወጥታ ያገኘችው የሦስት ወር ኢንሱሊን አለ። ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ያለችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ትሁት ግን ከዛሬ ጠዋት በኋላ የምትወጋው የላትም።

ሣጥኗ የምትሠራው በመኪናው ባትሪ ነው። ጣሃ ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ መስመር ፈልጎ ሊያስርላት ነበር። ያለምወርቅ ግን «አንድ ደቂቃም እንዳትቆም» ብላ ድርቅ ስላለችበት፣ ሽቦዋን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘው።

«እየሠራች ነው?» አለች ለአሥረኛ ጊዜ።

«እታለም፣ እኔን እናቴ እንኳ እንዲህ አቅፋኝ አታውቅም» አለ ጣሃ።

ረፋዱ ላይ ዝናቡ ወረደ። ማሽላውና ሰሊጡ ከዓይን ጠፋ፤ ዋልካው ጎማውን እየላሰ ይጎትት ጀመር። ጣሃ መኪናውን እየታገለ አንዲት ጉብታ ላይ አወጣና ሞተሩን አጠፋ። በዚያ አገር ሾፌር ዝናብ የመታው ዋልካ ላይ አይነዳም፤ የመሬቱ ፊት እስኪደርቅ ይጠብቃል። የቸኮለ እስከ እምብርቱ ይቀበራል።

አራት ሰዓት ያህል ጠበቁ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች፤ ምድሩ እንደ ድስት ተነነ። ሣጥኗ ያን ሁሉ ጊዜ እዝዝ ትል ነበር። መሬቱ ሲደርቅ ጣሃ ቁልፉን አዞረ። ጠቅ አለና ዝም።

«ሣጥንሽ ባትሪውን ጠጥታ ጨረሰችው።»

ያለምወርቅ ሣጥኗን ዝቅ ብላ አየቻት። «እኔ ነኝ ያስገደድኩህ።»

«ጠቡን በኋላ እንደርስበታለን። በግፊ ይነሳል፣ ቁልቁለት አለን። ግን ፊታችን ያለው ኾር፣ ያ የክረምት ወንዝ፣ ሞልቶ ይሆናል። እዚያ ቆመን ባትሪው ካለቀ የሚያንደረድረን ጉብታ የለም። ሽቦውን ሳንቀይር ንቅንቅ የለም።»

ከኋላ መብራት ትንሽ አምፖል ነቅሎ ሁለት ሽቦ አሰረባት። አንዱን ጫፍ ከመኪናው ብረት ጋር አያያዘና፣ የፊውዙን ሣጥን ሊከፍት ከመሪው ሥር ተንበረከከ። ከጨለማው ውስጥ አንድ ነገር እፍ አለ። ጎርፍ የሸሸ ጥቁር እባብ ሙቀት ፈልጎ ተጠምጥሟል፤ አንገቱ ከጣሃ ጣቶች ስንዝር አይርቅም።

«እንዳትነቃነቅ» አለች ያለምወርቅ በቀስታ። የጃንጥላዋን ጫፍ ከጥምጥሙ ሥር አስገብታ ወደ ላይ ሳበችና ጭቃው ላይ ወረወረችው።

ጣሃ ላቡን ጠረገ። «ቁልፍ ያዢ። ቁልፉ ጠፍቶም የሚያበራው አይሆነንም፤ እሱ ሌትና ቀን ይጠጣል። ስታዞሪ ብቻ የሚነቃውን ነው የምፈልገው።»

ሞተር ማዞር ያቃተው ባትሪ ለአንዲት አምፖል አላነሰም። የመጀመሪያው ፊውዝ ላይ ደብዘዝ ብላ በራች። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ጨለመች።

«አዙሪ።» በራች። «አጥፊ።» ጠፋች።

«በቃ፣ ተገኘ» አለች ያለምወርቅ።

«የዝናብ መጥረጊያው ነው። እሱ ከተቃጠለ በዝናብ ውስጥ ዕውር ሆነን መቅረታችን ነው።»

አምስተኛውም ከቁልፉ ጋር በራ፣ ከቁልፉ ጋር ጠፋ። «የሲጋራ መለኮሻው» አለ ጣሃ። «ከነቀልኩት ዓመት አልፎታል። ሥራ ፈት ነው።»

«ቁልፉ ሲጠፋ መድኃኒቱስ?»

«ክዳኗ ካልተነካ ቅዝቃዜዋን ለሰዓታት ትይዛለች። አንቺን አላምንም እንጂ እሷን አምናታለሁ።»

ሽቦውን ከባትሪው ፈትቶ ከፊውዙ ወዲያ ባለው ጎን አስሮ ሲጨርስ፣ ከማሽላው ውስጥ ሞተር ሳይክል ብቅ አለ። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ጠመንጃ።

«እነዚህ ደህና ዋላችሁ ሊሉ አልመጡም» አለ ጣሃ ወደ መሪው እየዘለለ። «ሣጥኗን አስቀምጪና ግፊ።»

ያለምወርቅ ትከሻዋን ሰጠች። እግሯ ተንሸራተተ፣ በጉልበቷ ወደቀች፣ ተነሥታ ገፋች። ከኋላ «አጊፍ» የሚል ጩኸት መጣ፤ ቁሙ ማለታቸው ነው። ጥይት ከራሷ በላይ አፏጨ። መኪናው ቁልቁል ተንደረደረ፣ ጣሃ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፣ ሞተሩ አስሎ ተነሳ። እሷ የኋላውን ብረት ይዛ ተጎተተች፣ ከዚያ በሆዷ ወደ ኋላ መጫኛው ተገለበጠች። ቀና ብላ ስታይ ሞተር ሳይክሉ ጎማው ዋልካ ጠቅጥቆ ከነሰዎቹ ተጋድሟል።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ኾሩ ዳር ደረሱ። ቡናማ ጎርፍ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ጣሃ ሊያልቅ የቀረበውን ነዳጅ አየና ቁልፉን አጠፋ። ሣጥኗ ዝም አለች።

ያን ዝምታ ያለምወርቅ ከጥይቱ ይልቅ ፈራችው። እጇ ወደ ክዳኑ ሄደ። መለሰችው። እንደገና ሄደ። በመጨረሻ ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው፤ ጎርፉ እስኪጎድል ሁለት ሰዓት ያህል እንዲያ ቆየች። ጣሃ በዱላ እየለካ ገብቶ፣ ውሃው ከጉልበቱ በታች ሲሆን ተመለሰ።

ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ፤ ሣጥኗም እዝዝ አለች።

ቱነይድባ የደረሱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ትሁት ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ በር ላይ ተቀምጣለች። የጤና ሠራተኛው ሓይሉ ክዳኑን ከፍቶ አንዱን ብልቃጥ በመዳፉ ያዘ። «ቀዝቃዛ ነው» አለ።

ያለምወርቅ እንደ ልማዷ መርፌውን ሞላች። ትሁት እጇን ዘረጋች።

«እማ፣ ስጪኝ።»

«ተዪ፣ እኔ እወጋሻለሁ።»

«እነዚህን ሁለት ቀናት ማን የወጋኝ መስሎሽ ነው?»

እናት ልጇን አየቻት። መርፌውን በመዳፏ ላይ አኖረችላትና፣ ዞራ ሳታይ ጣሃን ውሃ ልታጠጣ ወጣች።