ራዕድ ከአስር ስንት?

«ምግብ፣ ከአስር ስንት?»

ፋሪሃ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ እንደደገነች እናቷን ቀና ብላ አየቻት።

«ሰባት በይ» አለች ሉጥፊያ።

«እማ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እኮ ምንም አልቀመሰም።»

«ሰባት በይ አልኩሽ! ዘጠኝ በይ መች ወጣኝ?»

ፋሪሃ ሰባት ጻፈች። ውሻው ራዕድ ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር በጎኑ ተጋድሞ እያለከለከ ነው። ስሙ በዐረብኛ ነጎድጓድ ማለት ነው። ድሮ ሲጮህ የሰፈራቸው የአርካዊት ድመት በሙሉ አጥር ላይ ይወጣ ነበር።

ወረቀቱን የሰጧቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ኦመር ናቸው። ስድስት ጥያቄ አለው፦ ይበላል? ይጠጣል? ሕመሙን ችሎታል? ተነስቶ ይራመዳል? ንጹሕ ነው? የሚወደውን ነገር ያደርጋል? እያንዳንዱ ከአስር ይሞላና ይደመራል። ድምሩ ከሠላሳ በታች ከወረደ፣ ውሻውን በመርፌ ማሳረፍ ይሻላል ማለት ነው። ፋሪሃ በየቀኑ እየሞላች፣ ፎቶ እያነሳች ካይሮ ላሉት ለባለቤቱ፣ ለመሐንዲሱ ለባሽሙሐንዲስ ጂብሪል ትልካለች።

ባሽሙሐንዲሱ ጦርነቱ ሲጀመር ቤቱንም ውሻውንም ለሠራተኛቸው ለሉጥፊያ ትተው ወጡ። «ራዕድ እስካለ ድረስ ኑሩበት። እሱ ካለፈ ቤቱን እሸጠዋለሁ» አሏት። ይህንኑ ጽፈው ፈረሙላት። ፖሊሶች ለከሻ፣ ማለትም እንደ እነሱ ያለውን የውጭ ሰው ለማፈስ፣ በር ሲያንኳኩ የምታሳየው ያንን ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ያልነበራት ጎረቤታቸው ሀኒፋ በመኪና ተጭና ከሄደች አራት ወሯ ነው። ስልኳ እስካሁን አይጠራም።

ስለዚህ የራዕድ ምግብ ሰባት ነው። ውሃው ሰባት፣ ሕመሙ ስድስት፣ እርምጃው ስድስት፣ ንጽሕናው ስድስት፣ ደስታው ሰባት። ድምር ሠላሳ ዘጠኝ።

እናቷ የማታውቀው ነገር አለ። ሐኪሙ ለመጠባበቂያ ብለው ሁለተኛ ወረቀት ሰጥተው ነበር፤ እሱ በፋሪሃ የሒሳብ ደብተር ውስጥ ተሸጉጧል። እዚያ ላይ የምትጽፈው ያየችውን ነው። ለምን እንደምትጽፈው ራሷም አታውቅም፤ ብቻ ካልጻፈችው እንቅልፍ አይወስዳትም። መጀመሪያ ቀን «የሚወደው» ከሚለው ሥር ሦስት ነገር ዘርዝራ ነበር። የውሃ ሻጩን የአህያ ጋሪ ሲያይ መጮህ። ኒሙ ሥር አፈር መቆፈር። እማ ከውጭ ስትመለስ ሄዶ መቀበል። ዛሬ ጋሪው ሲያልፍ ራዕድ ጆሮውን እንኳ አላነሳም።

ዶክተር ኦመር ከሰዓት በኋላ በባለሦስት እግር ረክሻ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከኦምዱርማን ድልድይ ተሻግረው ለመምጣት ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። ገና በሩ ሲከፈት ራዕድ ብድግ አለ! ጭራውን ቆላ፤ ሁለት ጊዜም ጮኸ። ፋሪሃ ዓይኗን ማመን አቃታት።

«ማሻአላህ!» አሉ ሐኪሙ። ጥርሱን አዩ፣ ሆዱን ዳሰሱ፣ ከዚያ ወረቀቱን ተቀበሉ። «ሠላሳ ዘጠኝ። ጥሩ ነው። አየሽ ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ውሻ እንግዳ ሲያይ ሕመሙን ይውጣል። እኔ ደግሞ የማየው ለሩብ ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ የምታዩት እናንተ ናችሁ፤ እኔ ዓይኔን የማምነው ወረቀቱ ሲመሰክርልኝ ነው። በሉ፣ ወር ቆይቼ እመለሳለሁ።»

ሉጥፊያ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። በሩ ሲዘጋ የራዕድ እግሮች ከዱት። ዘጭ ብሎ ወደቀና ማቃሰት ጀመረ። ፋሪሃ ጆሮዋን ልትደፍን ፈለገች፤ አፈረች።

«አንድ ወር እንዲህ ሊሆን ነው፣ እማ?»

«አብሽሪ ልጄ። ወር ምን አላት? ኢንሻአላህ አንድ መላ ይገኛል።»

«ለእኛ ነው ለእሱ?»

«ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል» አለች ሉጥፊያ ተቆጥታ ወደ ዛፉ እየመጣች። «እኔና አንቺ ሁለት ዓመት በማን በላን? በማን ተጠለልን? በእሱ አይደለም እንዴ?»

ራዕድ እየመጣች መሆኗን አይቶ ነበር። ከውጭ ተመለሰች ብሎ ሊቀበላት የፊት እግሮቹን ተከለ፤ ወገቡ ግን አልተከተለውም። እንደገና ሞከረ። ሽንቱ ከሥሩ ፈሰሰ፤ ጭራው ብቻ መሬቱን መታ መታ አደረገ።

ፋሪሃ እያለቀሰች ደብተሯን ከፈተች።

«ያ ደሞ ምንድን ነው?» አለች እናቷ። ዐረብኛ ማንበብ አትችልም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች። ጣቷ በዛሬው ረድፍ ከላይ ወደ ታች ወረደ። «ዜሮ… ሦስት… አንድ… አንድ… አንድ… ዜሮ። ይሄ የእሱ ነው?»

«አዎ።»

ውጭ የሐኪሙ ረክሻ ሞተር ተነሳ። ሉጥፊያ «ሂጂ» አላለችም፤ «ተይ»ም አላለችም። ፋሪሃ ወረቀቱን ከደብተሩ መዝዛ ሮጠች።

በሩ ላይ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየች። እናቷ እዚህ ቤት በሠራችበት ስምንት ዓመት ውስጥ ውሻውን ነክታው አታውቅም፤ ምራቁ ከነካኝ ሰባቴ መታጠብ አለብኝ እያለች ምግቡን የምታቀርብለት በረጅም ጭልፋ ነው። አሁን ተንበርክካ መዳፏን ጭንቅላቱ ላይ አሳርፋለች። እጇን እየላሰው ነው። አልሸሸችም።

«ዶክተር!» ፋሪሃ የረክሻውን ብረት ጨበጠች። «እባክዎ እንዳይሄዱ። የእሱ ወረቀት ያ አይደለም።»

«ስንት ነው ታዲያ?»

«ስድስት» አለች። «ከስልሳ ስድስት።»