ሲጠየቅ ብቻ የሚመጣው ጃፈር

ቀጣፊ መሆኔን ሰፈሩ ያውቃል። ይሄን ከቀጠፍኩ ግን ምላሴ ይቆረጥ!

ባለፈው ሐምሌ ነው። ደብረ ብርሃን፣ አንድ ፎቅ ላይ ያለ ቢሮ ውስጥ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ጠራራ ፀሐይ እንዳልላችሁ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖታል።

ኮሌጅ አቋርጬ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ፅጌረዳ የቀጠረችኝ ለውሸቴ ነው። እሷ የተፈናቃይ መመዝገቢያ ፕሮግራም ፓይተን በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ትሠራለች፤ እኔ ለመሞከሪያ የሚሆኑ የሌሉ ሰዎች ስም እፈጥርላታለሁ።

"ስማ ፈረጅ" ብላኛለች። "ፕሮግራሙ የሙከራውን ሰውዬ አስቀድሞ አይሠራውም። ስሙን ስትጠይቅ ያኔ ከዝርዝርህ ስም ያወጣለታል። ዕድሜውን ስትጠይቅ ያኔ ዕድሜ። ያልጠየቅከው ባዶ ነው።"

እኔ ሆዬ፣ ከስሞቹ መሀል ጃፈርን ሸጎጥኩ። ታናሽ ወንድሜን። ከወለጋ ስንሸሽ መንገድ ላይ ከጠፋብን ሦስት ዓመቱ... እናቴ ዛሬም መጠለያችን በር ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።

ፕሮግራሙን ስም ጠየቅኩ። ጃፈር።

ሳቅኩ።

ዕድሜ? አሥራ ዘጠኝ። ልክ ነው...

ምልክት? ግራ ባቱ ላይ የማጭድ ጠባሳ።

ሳቄ ጠፋ። ማጭዱን የወረወርኩት እኔ ነኝ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

"ፅጌ... ይሄን ማን ጻፈው?"

"አንተ ነሃ፣ ቀጣፊ!"

"ወላሂ አልጻፍኩም!"

ያለበት ቦታ? አልዩ አምባ።

ደግሜ ጠየቅኩ። አንኮበር።

በጠየቅኩት ቁጥር ወደ እኛ ይቀርባል!

ፅጌረዳ ፊቷ አመድ መሰለ። "በሕይወት አለ ወይ በለው። መጀመሪያ እሱን ጠይቅ።"

"አልጠይቅም።"

"ፈረጅ!"

"ሞቷል ቢለኝስ? እናቴን ምን ልበላት?"

ቦታውን ጠየቅኩ። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ።

ጣቴን መልሼ ቁልፉ ላይ አደረግኩ... አንዴ ብቻ። አንዴ ብቻ ልጠይቅ...

ከመስኮቱ ሥር።

ተንደርድሬ መስኮቱን ከፍቼ ወደ ታች አየሁ። ከባጃጆቹ መሀል አንድ ረጅም ልጅ ቆሟል። የጃኬቱን ኮፍያ ደፍቷል። እጁን ዘረጋልኝ።

ፅጌረዳ ሸሚዜን ጨምድዳ ያዘች።

"አትውረድ" አለች በሹክሹክታ። "ፊቱን... ፊቱን አልጠየቅንም።"

ወረድኩ። ምን ላድርግ?

ኮፍያው ሥር ዓይን የለም። አፍ የለም። ልሙጥ ነው...

እጁን ያዝኩት። ይሞቃል።

እየመራሁት ወደ መጠለያው፣ ወደ እናቴ አቀናሁ።