የአባባ ሁለተኛ ፈተና

«አባባ፣ ራስዎን እንዳያነቃንቁ። ስክሪኑ ላይ የምትሄደውን ነጥብ በዓይንዎ ብቻ ይከተሉ።»

«ተከተልኳት ልጄ። ደግሞ ከእኔ የት ታመልጣለች!»

ድንቢጥ ሳቀች። ለሽማግሌው፣ ከክሊኒክ በኮምፒውተር የምትደውል የማስታወስ ችሎታ መርማሪ ናት። ሰላይነቷን የሚያውቀው በጆሮ ማዳመጫዋ ሁሉን የሚሰማው አለቃዋ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሹም ናቸው። ከሃያ ዓመት በፊት ምስጢር ሲሸጥ ያዩትን ሰው ያስታውሱ ይሆን? ተልዕኮዋ ይኸው ነው። ስክሪናቸው ላይ አራት ፎቶ ይወጣል፤ ካሜራው ዓይናቸው ያረፈበትን በቀይ ነጥብ ያሳያታል። «ካስታወሱ ምስክር ይሆኑልናል፤ እንጠብቃቸዋለን» ብሏታል አለቃዋ። ፎቶዎቹን የመረጠው እሱ ነው።

የሽማግሌው ጭንቀት ሌላ ነው። ፈተናውን ከወደቁ ልጃቸው ቤታቸውን ዘግታ መጦሪያ ልታስገባቸው ነው።

ፎቶዎቹ ወጡ። ቀይዋ ነጥብ ዞረች፣ ዞረች፣ ሦስተኛው ላይ ተተከለች።

ጸጉሩ ይበዛል እንጂ ፊቱ ያው ነው።

አለቃዋ።

ክው አለች። ምስክር የሚፈልግ ሰው የራሱን ፎቶ አይደባልቅም። መታወሱን አረጋግጦ አፋቸውን ለዘላለም ሊያዘጋ ነው።

«የቱን አዩ?» አለ አለቃዋ በጆሮዋ።

«ካሜራው ተበላሽቶብኛል። ልድገመው።»

«ቶሎ በይ።»

የመጀመሪያውን ፈተና ቅጂ ለአለቃዋ አለቃ ላከች።

«አባባ፣ ፊትዎ በደንብ እንዲታየኝ ወደ መስኮቱ ይዙሩልኝ።»

«ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝ እኮ!»

«ለትንሽ ጊዜ ነው፣ ይታገሱልኝ።»

ብርሃን ሲበዛ ካሜራው ዓይን ያረፈበትን መለየት እንደሚያቅተው መርማሪ ያውቃል። አለቃዋ አያውቅም። ቀይዋ ነጥብ ከፎቶ ውጭ ባዶ ቦታ ላይ ባዘነች።

«አበቃላቸው» አለ አለቃዋ ውጤቱ ሲደርሰው። ሳቁ ይሰማል። «ንገሪያቸውና ዝጊው።»

«አለፍኩ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው። «ካንቺ በቀር የሚደውልልኝ የለም፤ ሳምንቱን ሙሉ ስዘጋጅ ነው የከረምኩት።»

«አላለፉም፣ አባባ።»

ሽማግሌው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ግን እኮ አንዱን ሰውዬ…»

መስመሩን ቆረጠችው።

«ምን ሊሉ ነበር?» አለ አለቃዋ።

«ሊለምኑኝ።»

በሦስተኛው ቀን አለቃዋ በካቴና ከቢሮው ወጣ። የድንቢጥ ስም፣ ስልክና ሥራ ለደኅንነቷ ሲባል በዚያው ዕለት ተሰረዘ። የሽማግሌው ውጤት ግን ለልጃቸው ደርሶ ነበር። የሚያስተካክለው መርማሪ የለም፤ ድንቢጥም እንዳትደውል ታዝዛለች። በወሩ ሽማግሌው መጦሪያ ገቡ።

አሁን በሌላ ከተማ ልብስ መሸጫ ውስጥ ሸሚዝ ታጥፋለች። ጎረቤቶቿ ዘመድ የለሽም ወይ ብለው ሲጠይቋት፣ የለኝም ትላለች።

እዚህ ላይ አልዋሸችም።