እሾሁን ማን አነሳው

ይርጋ ለሁለተኛ ጊዜ የሞተው ወልድያ ላይ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሞልቶ እያየው ነው። ሰውም አጨበጨበ።

በሸራው ላይ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ገበሬ፣ ሳይታጨድ ደርቆ ወደቀረ የማሽላ ማሳ ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ ይሄዳል። የተቆፈረ ምሽግ ተሻገረ። አገዳውን በክንዱ ገፋ አደረገ። መሬቱ ተነሳ። ድምፁ የአዳራሹን የቀሩ መስታወቶች አንቀጠቀጠ። አቧራው ሸራውን ሞላውና ነጭ ጽሑፍ ወጣ፦ «ኅዳር 2014። ስሙ ያልታወቀ ገበሬ። በተኩስ መሀል የተቀረጸ።»

ኢንስፔክተር ሔዋን በሩ ላይ ቆማለች። የመጣችው ለጥበቃ ነው። ወሩ ሰኔ ነው፤ ታጣቂዎቹ ከተማውን ለቀው ከወጡ ወራት አልፈዋል፤ ይህ ከዚያ ወዲህ የተዘጋጀ የመጀመሪያው የፊልም ፌስቲቫል ነው። ጠዋት ወጣቶች አዳዲስ የፊልም ጽሑፎቻቸውን እየተቀባበሉ አነበቡ። ከሰዓት የአጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች ተራ ሆነ። ወንበሩ የእድር ነው። ውጭ ጄኔሬተሩ ያጓራል።

ጭብጨባው ሳይበርድ ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት ተነሳች። ማሚቴ ናት። ከግራና ከተማ የመጣችው ስለ ተፈናቃይ ሴቶች በተሠራ ሌላ ፊልም ውስጥ ስለተናገረች ነው። ለእሷም ቅድም ተጨብጭቦላት ነበር።

«አታጨብጭቡ» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ይኼ የኔ ባል ነው።»

የፌስቲቫሉ አዘጋጅ አቶ ኑርሁሴን ማይክሮፎኑን ይዞ ወደ እሷ ሮጠ። «እህታችን፣ አብሽሪ። ሐዘን ሁሉንም ሰው ያመሳስላል።»

የፊልሙ ሠሪ ፈንታው ሊመሰገን መድረክ ላይ ወጥቶ ነበር። እዚያው እንደቆመ፣ «ፊቱ እንኳ አይታይም እኮ» አለ።

«ፊቱን ምን ላድርገው? ሸሚዙን ነው የማየው። ያጠቆርኩት እኔ ነኝ። ካኪ ነበር፤ ቀለሙ አልበቃ ብሎኝ አንገትጌው ካኪ ሆኖ ቀረ። ያጠቆርኩለት አማቴ ሲሞቱ ነው። አማቴ ያረፉት ደግሞ ከስደት ከተመለስን ወዲያ፣ በታኅሣሥ ነው። በኅዳር ይኼ ሸሚዝ ጥቁር አልነበረም።»

ሔዋን ቀና ብላ ሸራውን አየች። ምስሉ አቧራው ላይ ቆሟል። ማሳውን ታውቀዋለች። በእግሯ ረግጣዋለች።

ይርጋ የሞተው በጥር ነው። ታጣቂዎቹ ሲወጡ ማሳው ውስጥ ፈንጂ እንደቀረ ስለተወራ፣ እሱና ጎረቤቱ ካሳዬ የግራር እሾህ ቆርጠው መግቢያውን አጠሩት። ፈንጂ አምካኝ እስኪመጣ ልጅም ከብትም እንዳይገባ ብለው። ይርጋ የሞተ ዕለት እሾሁ ተጎትቶ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ሁለቱ ከጦርነቱ በፊት በድንበር ተጣልተው በሽማግሌ ነበር የታረቁት። ማሚቴ ጣቷን ካሳዬ ላይ ቀሰረች። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ሕዝብ ፊት፣ «ዘርህ አይብቀል» ብላ ረገመችው። ከዚያ ወዲህ ካሳዬ እስር ላይ ነው። የግድያ ክስ የሚመሠረትበት የፊታችን ሰኞ ነው። መዝገቡ ሔዋን እጅ ነው።

ካሳዬን በጠየቀችው ቁጥር የሚመልስላት አንድ ነገር ነው፦ «ሞቱን ብሻ ኖሮ እጄን በእሾህ እየተቦጨቅሁ ለምን አብሬው አጥር አጥራለሁ?»

እሷንም እንቅልፍ የሚነሳት ሌላ አልነበረም። እሾሁን ካሳዬ ቢያነሳው እንኳ፣ ያጠረው ይርጋ ራሱ ለምን ገባ? መንገዱ ተከፈተ ተብሎ ሰው ሞቱ ውስጥ ሰተት ብሎ አይገባም።

ፈንታውን ከመድረክ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል አስገባችው። አስቀድማ ፊልሙን ብቻዋን ሁለት ጊዜ አስደግማ አየችው።

መርሳ ላይ ያገባ ሰው ሁሉ ፈንታውን ያውቀዋል። የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። ካሜራውን ሙሽራ አገጭ ሥር ካልወሸቀ አይሆንለትም፤ ጉርሻው ቀርቶ የተሞላውን ጥርስ ያሳያል ይባልለታል። ያልጣመውን ደግሞ ያስደግማል። ሔዋንንም በሰርጓ ቀን በበሩ እንደገና አስገብቷታል። አማቷ፣ «ሙሽራ ቤት ሁለቴ አይገባም» ብለው ተቆጥተው ነበር። ሰሚ አላገኙም። በሰርግ ቀን የሚታዘዙት ቪዲዮ ቀራጩን ነው።

«ሙሽሪት» አላት ወንበሩን ወደኋላ እየገፋ። የቀረጻቸውን ሴቶች ሁሉ የሚጠራው እንዲህ ነው። «አንቺ ነሽ የምትመረምሪኝ? የሰርግሽ ቪዲዮ ተረፈ ወይስ ዘረፉት?»

«ዘረፉት። መቼ ነው የቀረጽከው?»

«ሰርግሽን?»

«ይርጋን።»

«ይርጋ የሚባል አላውቅም። በኅዳር፣ ጥይት እየዘነበ...»

«ሸሚዙስ?»

«የገበሬ ሸሚዝ ነዋ። ሁሉም ይጠቁራል።»

«ሁሉም አንገትጌው ካኪ ሆኖ አይቀርም። እሱን ሸሚዝ እኔም አውቀዋለሁ፤ ቁራጩ ጣቢያችን በላስቲክ ተቋጥሮ ተቀምጧል።»

ፈንታው አፉን በመሐረብ ጠረገ።

«እሺ። ጥር ነው» አለ። «ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የሞተን ሰው ማን ያይልኛል? ኅዳር ብዬ ዋሸሁ። ከመንገድ ሆኜ አየሁት፣ ቀረጽሁት። መዋሸት መግደል አይደለም።»

«ለምን መጥተህ አልተናገርክም?»

«ፈራኋ። ደግሞ እሾሁን ያነሳውን ሰው ይዛችሁታል ሲባል ሰማሁ። እኔ ምን እጨምራለሁ?»

«ስንት ካሜራ አለህ?»

«አንድ። ሁለተኛውን ወሰዱብኝ።»

«ረዳትስ?»

«ብቻዬን ነው የምሠራው።»

ሔዋን ወንበሯን ሳበችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ሰውዬው ምሽጉን ሲሻገር ከኋላው ታየ። ወዲያው ያንኑ ምሽግ ሲሻገር ከጎኑ ታየ። ባንድ ካሜራ። እንዴት ቀደምከው?»

ውጭ ጄኔሬተሩ ተንተፋተፈና መልሶ ተነሳ።

«አስደገምከው» አለች።

«ልማድ ነው። አንቺንም አስደግሜሻለሁ። ሞትሽ?»

«አንድ ሰው ከመንገድ ሆኖ ያየውን መንገደኛ አያስደግምም። አነጋግረኸዋል።»

«አነጋገርሁት እንበል። ማሳው የራሱ ነው። ፈንጂ እንዳለ በምን አውቃለሁ? እሾህ የሚባል አላየሁም።»

«እኔን ስትቀርጽ የት ነበር የቆምከው?»

«ምን?»

«በሰርጌ ቀን። የት ነበርክ?»

መልሱን ስላላወቀው ሳይሆን የጥያቄው መጨረሻ ስለታየው ቀስ አለ።

«አጠገብሽ።»

«አፍንጫዬ ሥር። ላብህ ቬሎዬ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አሁን ፊልምህን ልንገርህ። ሰውዬው በማሽላው መሀል አውራ ጣት አክሎ ነው የሚታየው። በሁለቱም ምስል ከሥር የደበዘዘ ነገር አለ። ድንጋይ ነው። የማሳው እርከን ድንጋይ። ከእርከኑ ጀርባ በሆድህ ተኝተህ፣ ሌንሱን ብቻ አሻግረህ ነው የቀረጽከው። በዕድሜህ ከሰው ርቀህ ቀርጸህ አታውቅም። ያን ቀን ምን አራቀህ?»

ፈንታው እጆቹን ጭኖቹ መሀል ከተታቸው።

«ጥሬው ምስል የት ነው?»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«አንተ የማንንም አታጠፋም። የተፋቱ ሰዎችን ሰርግ እንኳ ይዘህ ነው የምትዞረው።»

ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ሃርድ ዲስኩ በሙሽራ መሸፈኛ ቁራጭ ተጠቅልሎ ወጣ።

አቶ ኑርሁሴን ኮምፒዩተር አመጣላቸውና ሳይታዘዝ እዚያው ቆመ። ሔዋን ከፈተችው።

ይርጋ በባላ እንጨት እሾሁን ሲጎትት ታየ። ካሜራው እዚህ ላይ ቅርብ ነው፤ ማሳው ገና አልተከፈተም። ይርጋ ቆም አለና ላቡን ጠረገ።

«ፈንጂ አለ ተብሎ እኮ ነው ያጠርነው ወንድምዓለም» አለ።

«ጠዋት አምካኞች ገብተው አጽድተውታል» ይላል የፈንታው ድምፅ ከካሜራው ጀርባ። «ራሴ ቀርጫቸዋለሁ። አብሽር። እሾሁ ምስል ያበላሻል፣ ወዲያ አርቀው። ከዚያ ወዳገሩ እንደሚመለስ ሰው ሆነህ ግባ።»

ይርጋ ሳቀ። ጥርሱ ሁሉ ታየ። «ልክ እንደ ሰርጌ ልታደርገኝ ነው። ያኔም እግሬ እስኪነቃ አመላልሰኸኛል።»

«ሰርግህ አላማረም?»

«አምሯል። አልዋሽም።»

ቀጣዩ ምስል ከሩቅ ነው። ይርጋ ገባ፣ ወጣ። «ድገምልኝ። ምሽጉን በቀኝ በኩል ተሻገር።» ገባ፣ ወጣ። «ድገምልኝ። ትንሽ ወደ ውስጥ።» ደግሞ ገባ፤ ደግሞ ወጣ። አሁን አይስቅም፤ ግን እጁን አውለበለበ። «የመጨረሻ ነው ወንድምዓለም። ከምሽጉም እለፍ፣ ማሽላው ውስጥ ዝለቅ።»

ፈንጂው ሲፈነዳ ካሜራው አልተንቀጠቀጠም። አልጠፋምም። አቧራው ውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ያልገባው ይህ ነው፤ የሚጣራው ሚስቱን ነበር። ሌንሱ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ድምፁ ተጠጋ። ድምፁ እስኪያቆም እዚያው ቆየ። በእግሩ አንድ እርምጃ ያልቀረበ ሰው፣ በዓይኑ አገጩ ሥር ደረሰ።

አቶ ኑርሁሴን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እንዲሞት አልፈለግሁም» አለ ፈንታው።

«አምካኝ የሚባል እዚያ ቀበሌ የደረሰው በመጋቢት ነው። ደጋግመህ አስገባኸው።»

«ሦስቴ ገብቶ ምንም አልሆነም እኮ» አለ። ድምፁ ውስጥ ቅሬታ ነበረ፤ ሠራተኛ ሥራውን እንዳጓተተበት አሠሪ።

ሔዋን የጻፈችውን ቃሉን አንብባለት እስክትጨርስ ጠበቀና፣ ወደ አቶ ኑርሁሴን ዞሮ ተናገረ።

«እሳቸውን ጠይቂያቸው። ከጦርነቱ በፊት ደሴ ላይ ፊልም ይዤ ቀርቤ ነበር። የሚያርስ ገበሬ ነው፣ ከንጋት እስከ ማታ። ዳኛው እሳቸው ነበሩ። ምን አሉኝ? ‹አሳምረህ ቀርጸሃል፤ ግን ምንም አይሆንበትም› አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። የሰርግ ቀራጭ አሉኝ። ያው፤ አሁን ሆነበት።»

«እኔ... ምክር ነበር» አለ አቶ ኑርሁሴን።

«ሰማሁዋ።»

ሁለት ፖሊሶች ሊወስዱት ገቡ። ካቴናው ሲገባለት በአዳራሹ በኩል ያለውን ጫጫታ አዳመጠ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ። «የውድድሩ ውጤት ታወጀ?»

ፖሊሶቹ እየገፉ አወጡት። ከወጣ በኋላ አቶ ኑርሁሴን ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ሳይዘረጋው ቀደደው። ሔዋን ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ገብቷታል።

ሰኞ ካሳዬ ተፈታ። ጢሙ ደረቱ ደርሷል። ጣቢያው ድረስ የመጣለት ሰው አልነበረም፤ ሚስቱ ከሰው አፍ ሸሽታ ውርጌሳ ወላጆቿ ዘንድ ከገባች ሰንብታለች። ሔዋን ቢሮ ሲገባ ማሚቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ሰላም አልተባባሉም።

«እንድታዩት መብታችሁ ነው» አለች ሔዋን። «የመጨረሻውን አላሳያችሁም።»

ይርጋ እሾሁን ሲጎትት ካሳዬ ወደ ኮምፒዩተሩ ጎንበስ አለ። የራሱን መዳፍ ገልብጦ ጠባሳውን አየ፤ ያኔ ሲያጥሩ የወጋው ነው። ይርጋ ሳቀ። ሔዋን እዚያው ላይ አቆመችው።

ማሚቴ ዓይኗን ከይርጋ ሳታነሳ፣ «ካሳዬ» አለች።

«የረገምሽኝ ደጀ ሰላም ላይ ነው» አላት። «ሕዝብ እየሰማ። እዚያው አንሺልኝ። እዚህ የምትይኝን አልሰማም።»

ኮፍያውን አደረገና ወጣ። በሩን አልዘጋውም። የመኪና መንገዱን ይዞ፣ ግራናን ትቶ፣ ወደ ውርጌሳ ሲሄድ በመስኮቱ ታየ።

ማሚቴ ነጠላዋን ሰብስባ ካሳዬ ያልተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«የሰርጋችን ካሴት ከቤቱ ጋር ነደደ» አለች። «ሲስቅ ያለበት ሌላ የለኝም።»

ሔዋን ወደ ቆመው ምስል ዞረች።

«ድገሚልኝ፣ እታለም።»

የሔዋን ጣት አዝራሩ ላይ ቀረ። ቃሉን ከዚህ ኮምፒዩተር ውስጥ ደጋግማ ሰምታዋለች። ማሚቴ አልሰማችውም፤ እዚያ ድረስ አላሳየቻትም።

ምስሉን ወደኋላ መለሰችው። የይርጋ ሳቅ ተከደነ። ባላውን አነሳ፤ በጀርባው እየሄደም እሾሁን ገፍቶ፣ ገፍቶ፣ ቦታው አስገባው።