አንዴ ሲጠሩሽ

የሺአረግ መጽሐፉን አልፈራችም። የፈራችው አንባቢዎቹን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ድሬዳዋ ላይ ማንበብ የሚችለው እያነበበ፣ የማይችለው እያስነበበ፣ ከተማው ሁሉ «ከደቻቱ የሚጠራ» ስለሚባል አንድ አስፈሪ ልብ ወለድ ያወራ ነበር። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት የሚባል ነገር አላየም። ደራሲው ዘገዬ በራሱ ወጪ ስቴንስል በሚባለው የሰም ወረቀት ላይ በታይፕ አስመትቶ፣ በማባዣ ማሽን ሁለት መቶ ቅጂ አውጥቶ፣ በመርፌና በክር ራሱ ሰፋው። ስቴንስሉን የመታችው ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ታይፕ የምትሠራው የሺአረግ ናት።

ዘገዬ ባቡር ጣቢያ ቲኬት ሻጭ ነው፤ በራሱ የሚተማመን፣ ኮሌታው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው። ረቂቁን ይዞላት የመጣ ቀን «ብቻሽን ሆነሽ አትምቺው፣ ትደነግጫለሽ» አላት።

«እኔ የምደነግጠው የታይፑ ሪባን ሲያልቅብኝ ነው» አለችው።

ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሥራ በወጣ ቁጥር የተመታውን ሊያይ ይመጣል፤ ወንበር ስቦ አጠገቧ ይቀመጣል፤ ወረቀቱን ግን ብዙም አያይም። እሷም እንደማያይ ታውቃለች። በሦስተኛው ሳምንት ወደደችው። ምን ይደበቃል፤ ክፉኛ ወደደችው።

መጽሐፉ ውስጥ፣ የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋው ብቻ ሲቀር፣ ከአሸዋው መሐል አንድ ድምፅ ሰውን በስሙ ይጠራል። የሚጠራው አንዴ ብቻ ነው፤ ደጋግሞ የሚጠራ ሰው ነው። ሦስት ጊዜ ሳይጠራ «አቤት» ያለ ሰው ከጠሪው ጋር ይሄዳል፣ አይመለስም። ማዘንጊያ የምትባል ልጅ መቶ አሥር ገጽ ሙሉ ይህን ድምፅ ስታታልለው ትቆያለች። መጨረሻው ገጽ ላይ ዘገዬ «አቤት» ያሰኛትና ጎርፍ ይወስዳታል።

«ይሄ ልክ አይደለም» አለችው የሺአረግ። «እስከዚህ ድረስ ብልጥ የነበረች ልጅ አሁን ምን ነካት?»

«አንባቢው እንዲያለቅስላት ነው።»

«አንባቢው የመጣው ሊፈራ ነው እንጂ ሊያለቅስ ነው?»

«አንቺ ምቺው፤ ፍርሃቱን ለእኔ ተዪው።»

ይቺ ቃል ናት ነገር ያመጣችው። የሺአረግ እልኸኛ ናት፤ እናቷም ይህን ጠባይዋን ሳትረግም ውላ አታውቅም። የመጨረሻውን ስቴንስል ስትመታ የዘገዬን ትታ የራሷን ጻፈች። በእሷ መጨረሻ ማዘንጊያ አልመለሰችም፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። ከዚያ ከጀርባዋ፣ ማንም ከሌለበት የቤቷ ጓዳ፣ በራሷ በማዘንጊያ ድምፅ አንድ ነገር «አቤት» አለ። መጽሐፉ እዚያው ላይ አለቀ።

ሲመጣ አሳይታው ሊስቁ፣ ከዚያም የእሱን ልትመታለት ነበር ሐሳቧ። በማግስቱ ግን ወባ ጣላት። ስትመለስ ዘገዬ ስቴንስሎቹን ወስዶ አባዝቶ፣ ሰፍቶ፣ ሸጦም ጨርሷል። እንደገና አላነበበውም። «በቃሌ የማውቀውን ምን አነበዋለሁ» ይላል። ረቂቁ ደግሞ ገጽ በገጽ የሳንሱር ማኅተም አርፎበታል። ከዚያ ውጭ አንዲት መስመር ብትገኝ የሚጠየቀው ደራሲው ነው። የሺአረግ ይህ ሲገባት መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ያስፈራት ጀመር።

ከዚያ አንባቢዎቹ መጡ። የቲኬቱ መስኮት የአስተያየት መስኮት ሆነ። ሰልፉ ከኋላ እየጮኸ፣ ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ለዘገዬ ይነግሩታል።

«ለአዋሽ አንድ ስጠኝ። ባለቤቴ ያን መጨረሻህን ካነበበች ወዲህ ብቻዋን ጓዳ አትገባም፤ ውሃ የምቀዳው እኔ ሆኛለሁ።»

ሾፌሩ ዒጋል ደግሞ ከመልካ ጀብዱ ሲመጣ ጎማው ተንፍሶ፣ ጓደኛው ሊያስቆመው ከኋላ በስሙ ቢጠራው ሦስተኛው ጥሪ እስኪደርስ ድረስ አልመልስ ብሎ እየነዳ ቸርኬውን፣ የጎማውን ብረት፣ አጣመመ። «ወላሂ ጥፋቱ ያንተ ነው» አለው ዘገዬን፤ ሲለውም እየሳቀ ነው።

መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው ዐስሊ አምስት ቅጂ ይዛ ታከራይ ነበር። ከሽፋኑ ጀርባ ተከራዮቹ ጽፈውበታል፦ «ለብቻችሁ አታንብቡ»፤ «ደራሲው ጤነኛ ነው?»፤ «መጨረሻውን ለማንም አትንገሩ።» ይህች የመጨረሻዋ ምክር ነበረች ሁሉንም ዝም ያሰኘችው፤ ለዘገዬም ቢሆን መጨረሻውን ዘርዝሮ የነገረው የለም።

«እኔ አማርኛ አላነብም አባዮ፣ እህቴ» አለቻት ዐስሊ የሺአረግን። «ፊት ግን አነባለሁ። መልሰው ሲያመጡት ፊታቸው ገርጥቶ ነው። ያ ዘገዬ ጎበዝ ነው።»

የሺአረግ ኩራት ተሰማት፤ ወዲያው ደግሞ ኩራቷ አሳፈራት።

ዘገዬ በደስታ አበራ። «አየሽ? መጨረሻው ገደለን ይላሉ። አላልኩሽም ያለቅሳሉ ብዬ?» የባቡር ሠራተኞች ክበብ ለእሑድ ከሰዓት ጋበዘው። ቅዳሜ የሺአረግ ልትነግረው ቆርጣ ጠበቀችው። እሱ ግን ቀደማት።

«እሑድ ይለፍ እንጂ» አለ፣ የታይፑን ቁልፎች እያየ፣ «አባትሽ ጋ ሽማግሌ ልኬ ባስጠይቅ ምን ትያለሽ?»

ዓይኑን ቀና አድርጎ አያት። «እሺ እላለሁ» አለችው፤ ልትነግረው የቆረጠችውን ግን ሳትነግረው ቀረች።

እሑድ ክበቡ ጢም አለ። የክበቡ ሊቀመንበር ጓድ ገብረወልድ፣ አንዱን ቅጂ በእጁ እንደያዘ፣ የመጨረሻውን ገጽ እንዲያነብላቸው ዘገዬን ጠየቀው። ዘገዬ መጽሐፉን አልተቀበለውም፤ ቆሞ በቃሉ ተወጣው። ማዘንጊያ «አቤት» አለች፤ ጎርፉ መጣ፤ ወሰዳት።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ኧረ አቦ፣ እንደሱ አይደለም» አለ አንዱ ከመሐል።

«እሷማ አልመለሰችም» አለ ዒጋል። «ጓዳ ያለው ነው የመለሰው።»

ዘገዬ ፈገግ አለ፤ የሚቀልዱ መስሎት ነበር። ጓድ ገብረወልድ መነጽሩን አድርጎ የታተመውን ጮክ ብሎ አነበበ። ሲጨርስ ቀና አለና «ማኅተም ያረፈው በየትኛው ላይ ነው?» አለ።

የሺአረግ ከኋላ ተነሳች።

«የለወጥኩት እኔ ነኝ። እሱ አያውቅም። የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ።»

ዘገዬ መጽሐፉን ተቀብሎ የገዛ መጽሐፉን መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበ። ሰው ሁሉ ያየው ነበር።

«ይኸው ገረጣ» አለች ዐስሊ።

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ዘገዬ ግን አልሳቀም። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ የሺአረግን ሳያያት አጠገቧ አልፎ ወጣ። ጓድ ገብረወልድ መነጽሩን አወለቀ። «ሄዶ ይሄን መጨረሻ ያስፈቅደው» አለ። «የሰጠመችዋንማ ማን ይፈልጋታል።»

በማግስቱ መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። «ፈቃድ ወጥቷል» አላት፤ የት እንደሄደ አያውቅም። አንድ ሳምንት ሆነ፣ ሁለት ሆነ። ሽማግሌ አልመጣም። የሺአረግ አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ሥራዋን ሠራች። እውነቱን በመናገሯ አልተጸጸተችም፤ ቀድማ ባለመናገሯ ግን ውስጧ ተቃጠለ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ፣ በደቻቱ ድልድይ ወደ ከዚራ ስትሻገር ከታች፣ ከደረቀው አሸዋ መሐል ድምፅ መጣ።

«የሺአረግ።»

ቆመች። ዘገዬ ነበር። ከባቡር እንደወረደ ሻንጣው አጠገቡ ቆሟል፤ ኮሌታው ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨማዷል። አንድ ወረቀት ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዟል፤ ሐምራዊው ማኅተም ከድልድዩ ላይ ይታያል። እሷ የመታችው የመጨረሻ ገጽ ነው። አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ አስፈቅዶታል።

ሁለተኛ አልጠራትም። ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል ዝም ብሎ ጠበቀ።

ድልድዩ ላይ አላፊ አግዳሚው ቆመ። ግማሹ መጽሐፉን አንብቦታል። ዘንቢል ያንጠለጠለች አንዲት ሴት የሺአረግን ክንዷን ይዛ ጎተተቻት።

«አትመልሺለት እህቴ፤ አንዴ ነው የጠራሽ። አብረሽው ትሄጃለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች የሺአረግ። «የመታሁት እኔ ነኝ።»

የድልድዩን ብረት ይዛ ወደ አሸዋው ጎንበስ አለች።

«አቤት» አለችው፣ በራሷ ድምፅ።