ቀይ ስላልታየ

«ቀይ የለም! አለቀ በቃ!» አለች ችኩሏ፣ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ።

ችኩሏን ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቃታል፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን የምትጨርስ ናት። አጠገቧ ያለችው ጓደኛዋ ጭምቷ ትባላለች። አፏ ዝም ይላል እንጂ ዓይኗ ዝም አይልም። ሁለቱም የኮምፒውተር ክበብ አባላት ናቸው።

የትምህርት ቤቱ ነርስ ሲስተር የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪ ዓይን ለክተው ነበር። አለካኩ ቀላል ነው። ተማሪው ክፍሉ ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ፊደል ካልታየው አንድ እርምጃ ይጠጋል፣ አሁንም ካልታየው ይደግማል። ከሦስት እርምጃ በላይ የተጠጋ ሁሉ ዛሬ ለሚመጡት የዓይን ሐኪም ይቀርባል። ሐኪሙ ደግሞ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ በዓመቱ ነው።

ስሞቹን ለቅሞ የሚያወጣው ሁለቱ ልጆች የሚያሠሩት ሳስ የሚባል ፕሮግራም ነው። ሳስ አንድ ጠባይ አለው፤ የሠራውን ሁሉ ሎግ በሚባል ገጽ ላይ ይለፈልፋል። ማንን አነበብኩ፣ ምን ጠፋብኝ፣ ምን አልገባኝም፣ አንድ አያስቀርም። ወሬኛ ጎረቤት አያህለውም! ሲብስበት በቀይ ይጮሃል፣ ሲያስጠነቅቅ በአረንጓዴ፣ እንዲሁ ሲያወራ በሰማያዊ።

የክበቡ መምህር ብቅ አሉ። «ሎጉን አንብባችኋል?»

«አንብበነዋል ቲቸር! ከላይ እስከ ታች!» ችኩሏ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

መምህሩ ወደ ጭምቷ ዞሩ። እሷም አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ዝርዝሩ ኮሪደር ላይ ተለጠፈ፤ አሥራ ዘጠኝ ስም። ጭምቷ እያየችው ሳለ ረዥሟ መጣች። ረዥሟ በቁመቷ ምክንያት ሁልጊዜ የኋላ ወንበር ነው የሚደርሳት። ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብታ፣ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለውን ካፖርት «እንደምን አደሩ» ብላ እጅ ነስታዋለች። ካፖርቱ መልስ ቢነፍጋት፣ «ዳይሬክተሩ አኮረፉኝ» ብላ ሁለት ቀን አልቅሳለች ይባላል።

«እስቲ እዪልኝ፣ አለሁበት?» አፍንጫዋ ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«የለሽም።»

«እሰይ! ዓይኔ ደህና ነው ማለት ነው!» ብላ ስትፈነጥዝ ከቆሻሻ ቅርጫቱ ጋር ተላተመች። «ይቅርታ የኔ ቆንጆ» አለችው።

ጭምቷ ሳቋ መጣና መንገድ ላይ ቀረ። ሮጣ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰችና ሎጉን ከላይ ጀመረች። መሀል ላይ በሰማያዊ፣ መስመር ሠላሳ ሰባት ላይ የእርምጃው ቁጥር ልክ አይደለም ይላል። ዝቅ ስትል ሌላ አገኘች፣ ዝቅ ስትል ሌላ። ሰባት ቦታ።

ሲስተር የሞሉትን ፋይል ከፈተች። መስመር ሠላሳ ሰባት ረዥሟ ናት። በቁጥሩ ቦታ «እስከ ግድግዳው» ተብሎ ተጽፏል።

ሲስተር ምን ያድርጉ! ፊደሉን በአፍንጫው የሚያሸት ልጅ እርምጃው ምን ይቆጠርለታል? ሳስ ግን ቁጥር ሲጠብቅ ቃል መጣበትና ባዶ አድርጎ አለፈው። ባዶ ደግሞ ከሦስት አይበልጥም። ከሁሉ የባሰባቸው ሰባቱ እንዲህ ሆነው ቀሩ።

«ቀይ አልነበረም እኮ!» አለች ችኩሏ ስትሰማ።

«ሰማያዊ ነበር።»

«ሰማያዊ ደግሞ ማን ያነባል?»

ጭምቷ ሲስተር ዘንድ በረረች። «ሲስተር፣ ከጫፍ እስከ ግድግዳው ስንት እርምጃ ነው?»

«አሥራ ሁለት። ምነው ልጄ?»

«መጣሁ!»

ሰባቱም ቦታ አሥራ ሁለት ገባ። አሁን ሎጉን አንድ በአንድ አነበቡት፣ ሰማያዊውንም ሳይቀር። ሃያ ስድስት ስም ወጣ። ለምሳ አንድ ሰዓት ቀርቷል።

«ስሚ፣ ማሽኑ ተሳሳተ እንላለን» አለች ችኩሏ፣ ወደ መምህሩ ቢሮ እየሮጡ። «ማሽን አፍ የለው፣ አይከራከረን። አለዚያማ ዋሽታችኋል ብለው ከክበቡ ነው የሚያባርሩን!»

«ማሽኑማ ነግሮን ነበር።»

«አንቺ ደግሞ! ዛሬ ነው እንዴ አፍ ያወጣሽው?»

መምህሩ በሩን ከፈቱ። «ምነው? ዝርዝሩ ተለጥፎ የለም እንዴ?»

ችኩሏ ከኋላ የሹራቧን ጫፍ ጎተት አደረገቻት። ጭምቷ ወረቀቱን ዘረጋች።

«ቲቸር፣ ሰባት ልጆች ቀርተዋል። መጀመሪያ እነሱ ይጠሩ። ከዚያ ደግሞ... ጠዋት ሎጉን ሳላነብ ነው አዎ ያልኩት።»

እኔ አለች እንጂ እኛ አላለችም።

መምህሩ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ሰዓታቸውን አዩ። «ስመለስ እንነጋገራለን» ብለው በጥድፊያ ወደ ክፍሎቹ ሄዱ።

«ሳይመለሱ እንሩጥ?» አለች ችኩሏ በሹክሹክታ።

ጭምቷ በሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ችኩሏ ኮሪደሩን አየች፣ ጓደኛዋን አየች፣ እንደገና ኮሪደሩን አየች።

«እስቲ ጠጋ በይልኝ» አለች በመጨረሻ።

ጭምቷ ጠጋ አለችላት።