ጭብጨባው እስኪያልቅ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ ኮሶዬ ላይ ጉም ወርዶ የደባርቅን መንገድ ሸፍኖታል።

ጡረተኛው የሬዲዮ ቴክኒሺያን ዳኛው ከቴፑ ፊት ለፊት እንደተቀመጠ ሞቷል። አስም ነበረበት። ከአጠገቡ የማትለየው፣ ወደ አፍ የምትነፋ መድኃኒቱ የተገኘችው ግን ማዕድ ቤት፣ በጋቢ ከተጠቀለለ የግድግዳ ሰዓት ጋር ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን ዝናሽን ጠረጠረ፤ ማዕድ ቤቱ የእሷ ነው፣ ጠዋትም ተጣልተዋል።

ኢንስፔክተር የትነበርሽ ክፍሉን ቃኘች። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል። ቴፑ ካሴቱን እስከ መጨረሻው አጫውቶ ቆሟል። ጥግ ላይ ዶሮ የምታድርበት ገለባ አለ፤ ዶሮዋ ግን ጎተራ ውስጥ ናት።

«ጠዋት ምን አልሽው?»

«ይህ ጩኸት አንድ ቀን ይገድልሃል አልኩት» አለች ዝናሽ። «ከዚያ ጎንደር ወረድኩ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ቃሌ ነው የገደለው።»

«ቃል መድኃኒት ከቦታው አያነሳም።»

ሁለተኛው ተጠያቂ ጎንደር ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ያለው አምሐ ነበር።

«ካሴቱን ማክሰኞ ልገለብጥለት ተስማምተን ነበር። እኔ ከቴፑ በቀጥታ በገመድ ነው የምገለብጠው፤ ዶሮ ብትጮህ ግድ የለኝም።»

«ምን ቢኖረው ነው ይህ ካሴት?»

«ፊታቸውን የሚቀቡ፣ የሚያብረቀርቅ የሚለብሱ የእንግሊዝ ሮከኞች ናቸው። ከሃምሳ ዓመት በፊት በሬዲዮ በቀጥታ ሲጫወቱ አያ ዳኛው ከአጭር ሞገድ ቀዳቸው። በሸክላው ሙዚቃው አለ፣ በሬዲዮው ሰዎቹ አሉ ይል ነበር። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል፤ ከበሮ መቺው ሲስቅም። አያ ዳኛው እጁን ካነሳ፣ ጭብጨባው እስኪያልቅ ማንም ንቅንቅ አይልም። እኔ አንድ ጊዜ ባነጥስ ወር ሙሉ አላስገባኝም።»

ሦስተኛው ይበልጣል ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር፣ የሟች የአርባ ዓመት ወዳጅ።

«ዛሬ አልመጣሁም» አለ።

«የካሴቱ ቅጂ አለዎት?»

«ባለፈው በስልኬ ቀድቼው ነበር። መሀል ላይ ፉጨት ገብቶ አበላሸው።»

አስር ሰዓት ላይ ሦስቱን በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ ክፍሉን ጸጥ ለማሰኘት የደከመ ሰው ነበር» አለች። «መስኮቱን ጋረደ። ሰዓቱን ጠቀለለ። ዶሮዋን አስወጣ። መድኃኒቷም ድምፅ ከሚያሰሙት ጋር ወጣች፤ ስትነፋ ታፏጫለች። ጸጥታ የሚያስፈልገው በስልክ ለሚቀዳ ሰው ነው። አምሐ በገመድ ይቀዳል። ዝናሽ ካሴቱን ብታገኘው ታቃጥለው ነበር እንጂ አትቀዳውም። ደግሞም ሰው ፊት ለፊቱ ሲሞት የደነገጠ እንግዳ ቴፑን ያጠፋዋል። ይህኛው እስኪያልቅ ጠብቋል፤ የቤቱን ሥርዓት ያውቃል። ስልክዎን፣ አቶ ይበልጣል።»

ይበልጣል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ሁሉም አዳመጡ። ከጊታሩ ሥር የዘፋኙ ያልሆነ ትንፋሽ ይሰማል፤ እየፈጠነ ሄዶ ተቆረጠ። ከዚያ ጭብጨባው። ከጭብጨባው በኋላ የይበልጣል ድምፅ፦ «ዳኛው?»

«አያ ይበልጣል» አለች ዝናሽ፣ «ትንፋሽ ሲያጥረው አልሰማህም?»

«እጁን አነሳ። ዝም በል ያለኝ መሰለኝ።»

«መሰለህ?»

ይበልጣል መሬት መሬቱን አየ።

«መጀመሪያ መሰለኝ። ኋላ አወቅሁ። ከዘፈኑ ሁለት ስንኝ ቀርቶ ነበር።»

የትነበርሽ ስልኩን አነሳች። «ለምን አልደመሰሱትም?»

«ከዚህ የጠራ ቅጂ የለም።»

ኢንስፔክተሯ ከዳኛው ወንበር ተነስታ መድኃኒቷ እስከተገኘችበት ማዕድ ቤት እርምጃዋን እየቆጠረች ሄደች፤ ቁጥሩንም ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

አስራ አንድ እርምጃ ነው።